ይግባኝ የወንጀለኛ መሸሸጊያ ነውን?

በግድያ ሙከራ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው «ይግባኝ» ባለ ቁጥር ነዋሪው በሁለት ጎራ ይከፈላል። የተጎጂው ወገን «የኛ ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ እሱ ደግሞ ምን ቀረኝ ብሎ ይከራከራል?» ሲል ይቆጣል። የተፈረደበት ሰው ወገን በበኩሉ የበላይ ፍርድ ቤትን እንደ ምሕረት ደጅ ቆጥሮ ስለት ይሳላል፤ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ካለም ደጁን ይጠናል። በቡልጋሪያ ማዞሪያ፣ በካዛንቺስ፣ በዕድር ድንኳን ሥር፣ በሠራተኛው የምሳ ሰዓት የሚሰማው ክርክር ከእነዚህ ከሁለቱ አስተሳሰቦች እምብዛም አይርቅም። አንደኛው ይግባኝን የወንጀለኛ መሸሸጊያ፣ ሁለተኛው የባለ ሥልጣን ችሮታ ያደርገዋል። ሁለቱም አስተሳሰቦች ለሰፊው ነዋሪ ጎጂ መሆናቸውን በተጨባጭ ማስረጃ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ይግባኝን እንደ ችሮታ የማየቱ አመለካከት ከሰማይ የወረደ አይደለም። የታሪክ ሥር አለው። «ይግባኝ» ማለት ነገሬ ወደ በላይ ይግባልኝ ማለት ነው። በዘውዱ ዘመን የበላዩ መጨረሻ ዙፋን ችሎት ነበር። የተበደለ፣ ወይም ተበደልሁ ያለ ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት!» ይል ነበር፤ የተሰማለት ይሰማለታል፣ ያልተሰማለት አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝን በአንቀጽና በቀን ቀጠሮ ሲደነግግ እንኳ ወደ ዙፋን ችሎት የሚያስገባውን በር ክፍት አድርጎ ነበር። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የሕዝቡ ልብ የለመደው ይህንኑ ነው፦ ፍትሕ በመጨረሻ ከአንድ ሰው አፍ ትወጣለች። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ይግባኝን የተከሰሰ ሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። መብት የሆነ ነገር ደጅ አይጠናበትም።

ወደ ዋናው ጭብጥ እንግባ። የግድያ ሙከራ ምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የይግባኙ ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 27 እንዳስቀመጠው አስቦ ወንጀል ማድረግ የጀመረ፣ ነገር ግን እስከ ፍጻሜው ያልገፋበት ወይም ሊገፋበት ያልቻለ፣ ወይም ደግሞ እስከ ፍጻሜው ገፍቶበት የተፈለገው ውጤት ያልተገኘለት ሰው የሙከራ ወንጀለኛ ነው። ቅጣቱም በመሠረቱ ወንጀሉ ቢፈጸም ኖሮ የሚደርሰው ቅጣት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አይቶ ሊያቀልል ይችላል። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ከባድ የግፍ አገዳደል በአንቀጽ 539 የዕድሜ ልክ እሥራት ወይም ሞት ያስከትላል። በአንቀጽ 555 ያለው ከባድ የአካል ጉዳት ግን ከ15 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እሥራት፣ ነገሩ ቀለል ካለም በቀላል እሥራት ይቀጣል።

እንግዲህ ሁለት የቀን ሠራተኞች በመሸታ ቤት ተጣልተው አንዱ ሌላውን በጩቤ ወጋው እንበል። ተጎጂው ተርፏል። ይህ የግድያ ሙከራ ነው ወይስ የአካል ጉዳት? ቁስሉ አንድ፣ ጩቤው አንድ፣ ደሙም አንድ ነው። ልዩነቱ በተወጊው ሰውነት ላይ ሳይሆን በወጊው አሳብ ውስጥ ይገኛል። አሳብ ደግሞ እንደ ጩቤ ተለጥፎበት ወረቀት በኤግዚቢትነት አይቀርብም። ዳኛው በዙሪያው ካሉት ነገሮች ሊያነበው ይገደዳል፦ ጩቤው ከቤት ታስቦበት የመጣ ነው ወይስ ከጠረጴዛ ላይ የተነሣ? የተወጋው ደረት ነው ወይስ ጭን? ስንት ጊዜ? ከመውጋቱ በፊት ምን ተናገረ? ያስቆመው ሰው ነው ወይስ ራሱ ተወ? ሕጉ ሰው ለመግደል በቀጥታ የፈለገውን ብቻ ሳይሆን «ቢሞትም ይሙት» ብሎ ውጤቱን ተቀብሎ የገፋውንም እንደ አሳቢ ይቆጥረዋል፤ ይህም የክርክሩን ሜዳ የበለጠ ያወሳስበዋል። ራሱን ለመከላከል የመታ እንደሆነ ደግሞ ከናካቴው ወንጀል ላይኖር ይችላል። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ነገር ከምስክር ቃል እየለቀሙ ማግኘት ከባድ ሥራ ስለሆነ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረስ ይቻላል። ሁለተኛ ዓይን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ሠራተኛው ነዋሪ አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሥነ ሥርዓቱ ሕግ መሠረት በራሱ የእምነት ቃል ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኝ ሊል የሚችለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው፤ በጥፋተኝነቱ ላይ አይችልም። ታዲያ በተከሳሽ ሳጥን የቆመ፣ ሕግ ያልተማረ፣ ምናልባትም በጸጸት የተሰበረ ሰው ክሱ ሲነበብለት «አዎ፣ ወግቼዋለሁ» ይላል። «ወግቼዋለሁ» ማለት ግን «ልገድለው ሞክሬያለሁ» ማለት አይደለም። ክሱ የግድያ ሙከራ ከሆነ የመግደል አሳቡንም ጭምር ካላመነ ሙሉ እምነት አልሰጠም፤ ፍርድ ቤቱም እንደ ካደ ቆጥሮ ማስረጃ መስማት ይኖርበታል። አንዲት ቃል በችሎት ጸሐፊው ብዕር እንዴት እንደ ተጻፈች የሰውን ይግባኝ መክፈትም መዝጋትም ትችላለች። የተከላካይ ጠበቃ ጉዳይ እዚህ ላይ የቅንጦት ጥያቄ መሆኑ ያበቃል። ሕገ መንግሥቱ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ለሚጓደልበት ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይደነግጋል። ይህን መብት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልጠየቀ ሰው በይግባኙ ጊዜ ቢነቃ አብዛኛው ነገር አምልጦታል።

ከመሸታ ቤቱ ጠብ ወጥተን በከተማችን መካከል የተፈጸመውንና ዓለም ሁሉ ያወቀውን ጉዳይ እንመልከት። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ ሊካሄድ አዲስ አበባ እንግዶቿን ትቀበል ነበር። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው በሚያስገባው ጎዳና ሲጓዙ መንገዱ በተሽከርካሪ ተዘጋ፤ የታጠቁ ሰዎችም ተኩስ ከፈቱ። ጥይት የማይበሳው መኪና ፕሬዚዳንቱን አተረፋቸው። መኪናው ፊቱን አዙሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሰ፤ እሳቸውም በዚያው ወደ ካይሮ በረሩ። ሁለት ኢትዮጵያውያን የጸጥታ ባልደረቦች ግን በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ ወደቁ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የፕሬዚዳንቱ መኪና ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ የእነዚህ የሁለቱ ሰዎች ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ልማድ አይዋጥልንም።

ከሕግ አንጻር የዚያ ቀን ድርጊት ሙከራ የሚለውን ቃል ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ በላይ ያብራራል። የታለመለት ሰው አንድ ጭረት እንኳ አልደረሰበትም። ሆኖም የተዘጋው መንገድ፣ የተዘጋጀው መሣሪያ፣ የተተኮሰው ጥይት አሳቡን ያለ ምስክር ይናገራሉ፤ ወንጀለኞቹ እስከ ፍጻሜው ገፍተውበታል፣ ውጤቱ ብቻ ነው ያመለጣቸው። ከላይ ባነሣነው የመሸታ ቤት ጠብ በአንጻሩ ሰውዬው ሆዱ ተቀዶ እያለ የመግደል አሳብ ላይኖር ይችላል። ጉዳቱ ትልቅ ስለሆነ ሙከራ ነው፣ ጉዳት ስለሌለ ሙከራ አይደለም የሚለው የመንደር ሚዛን በሁለቱም ወገን እንደሚያሳስት ልብ ይሏል።

ጉዳዩ የዓለም ፖለቲካ ጉዳይም ሆነ። ኢትዮጵያ ሦስት ተጠርጣሪዎች በሱዳን ተጠልለዋል ብላ ከሰሰች፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በጥር 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ፤ በሚያዝያም በውሳኔ ቁጥር 1054 ማዕቀብ ጣለ። ከአጥቂዎቹ በሕይወት የተያዙት ሦስት ግብፃውያን ግን በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቀርበው በ1989 ዓ.ም. መጀመሪያ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። በአገራችን የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ካልጸና አይፈጸምም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ ተፈጽመዋል ተብለው የሚታወቁት የሞት ቅጣቶችም ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በ1990፣ ሌላው በ1999 ዓ.ም.፣ ሁለቱም በከፍተኛ የጦርና የጸጥታ ሹማምንት ገዳዮች ላይ። በመንገድ ላይ በተኩስ የተያዙ ሰዎችን ወደ ችሎት ማቅረብ ለብዙዎች ትርፍ ድካም ይመስል ይሆናል። እኛ እንደዚያ አናየውም። በዓለም ፊት ሱዳንን ስንከስ በእጃችን የነበረው ትልቁ መሣሪያ በችሎት የተጣራ ማስረጃ ነበር።

የታሪክ ምፀት ሆኖ ያ ሰው ራሱ ከ16 ዓመት በኋላ ተከሳሽ ሆኖ ቆመ። የ2003ቱ የግብፅ ሕዝብ መነሣሣት ከሥልጣን ካወረደው በኋላ ሆስኒ ሙባረክ በተቃዋሚዎች ላይ በተፈጸመ ግድያና የግድያ ሙከራ ተባባሪነት ተከሰሰ። ግንቦት 25 ቀን 2004 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደበት። ይግባኝ አለ፤ ዐቃቤ ሕግም በበኩሉ ይግባኝ አለ። በጥር 2005 ዓ.ም. የሰበር ፍርድ ቤቱ የሁለቱንም ወገን አቤቱታ ተቀብሎ ክርክሩ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ። ከብዙ ምልልስ በኋላ የካቲት 23 ቀን 2009 ዓ.ም. በመጨረሻው ውሳኔ ነፃ ወጣ። በዚያ መነሣሣት ከ800 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

ይህን የሚሰማ የካዛንቺስ ሠራተኛ «እንግዲያው ይግባኝ የጌቶች መውጫ ቀዳዳ ነው» ቢል አንፈርድበትም። ነገር ግን መንስዔውን ጠለቅ ብሎ መመርመር ያሻል። የመጀመሪያው ችሎት ገና ሳይዘጋ ዐቃብያነ ሕጉ ራሳቸው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩና የጸጥታው ክፍል ማስረጃ በማሰባሰብ እንዳልተባበሯቸው አቤት ብለው ነበር። ማስረጃ እንዲሰበስብ የታዘዘው መሥሪያ ቤት የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ነበርና። ነገሩ የተበላሸው በይግባኙ ደረጃ አልነበረም፤ ጥይቱ በተተኮሰበት ሳምንት ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤት የሚያነበው መዝገብ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ የዳኛው ጽድቅ አይሞላውም።

ስለ ማስረጃ ካነሣን ዘንድ፣ ሰፈራችን ስሙን ከኤምባሲዋ የወሰደው ቡልጋሪያም በዚህ ረገድ የምትነግረን አላት። ግንቦት 5 ቀን 1973 ዓ.ም. በሮም አደባባይ አሊ አግቻ የተባለ ቱርካዊ በጳጳሱ በዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ላይ ተኩሶ አቆሰላቸው። ኋላም ከጀርባዬ የነበሩት ቡልጋሪያውያን ናቸው አለ። በሮም የቡልጋሪያ አየር መንገድ ሠራተኛ የነበረው ሰርጌይ አንቶኖቭ በ1975 ዓ.ም. ተይዞ ዓመታት በእሥርና በቁም እሥር አሳለፈ። በችሎቱ ግን ዋናው መስካሪ አግቻ ቃሉን ደጋግሞ ለዋወጠ፤ አንድ ቀን እኔ ኢየሱስ ክርስቶስ ነኝ እስከ ማለት ደረሰ። በመጋቢት 1978 ዓ.ም. አንቶኖቭና ጓደኞቹ በማስረጃ እጥረት ተለቀቁ። በዓለም ጋዜጦች ላይ የተፈረደበት ሰው በችሎት አልተፈረደበትም። ጋዜጦቹ ግን ይግባኝ የሚባልባቸው አይደሉም።

ይግባኝ የሌለበት ፍርድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ ሮም መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። እነዚህ አርበኞች በወራሪ ላይ የተነሡ ናቸውና ከተራ ወንጀለኛ ጋር የሚያስተካክላቸው ኢትዮጵያዊ የለም። ቅኝ ገዢው ግን የፋሽስት ሕጉን እንኳ አልጠበቀም፤ በበቀል ለሦስት ቀን የከተማውን ሕዝብ በአካፋና በእሳት ፈጀው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ይህን እያስታወሰ ያደገ ነው። ሆኖም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ የቀድሞው መንግሥት ባለ ሥልጣኖችና መኮንኖች ያለ ምንም ችሎት ተረሸኑ። በዚያው ሰሞን የተቋቋመው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ደግሞ ውሳኔው ይግባኝ አልነበረውም። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላም ማን ሞከረ፣ ምን አሰበ፣ ማን ረዳ የሚለው ጥያቄ በዳኛ ፊት አልተጣራም፤ በጥይት ተመለሰ። ከዚያም ወዲያ የቀበሌ ጥበቃ ጓድ መሣሪያ ታጥቆ በየቤቱ ገባ። በከፍተኛና በቀበሌ እሥር ቤቶች ልጃቸውን የፈለጉ እናቶች ዛሬም በቂርቆስ አሉ። የዚህ ገጽ ቋንቋ ያኔ «እርምጃ ተወሰደ» ይል ነበር። «እርምጃ» ይግባኝ የለውም።

የዚያ ሥርዓት መሪዎች ግን ይግባኝ አግኝተዋል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚምባብዌ ተጠልሎ በሌለበት፣ ሌሎቹም በአካል ቀርበው፣ ከ12 ዓመት ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር ወር የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ጠየቀ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በእሥር ላይ የነበሩት ከፍተኛ ባለ ሥልጣናት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ይግባኝ የተከሳሽ ብቻ መሣሪያ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ቅጣት አነሰ የሚል ዐቃቤ ሕግም፣ በዛብኝ የሚል ተከሳሽም በዚያው በር ይገባሉ። የተጎጂው ቤተሰብ «ደግሞ ምን ሊል ነው?» ብሎ በሩን ሊዘጋ ሲነሣ በራሱም ላይ እየዘጋ መሆኑን ማየት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ አሳሳቢው ነገር ያለው እዚህ ነውና። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ እኛ የምናነሣው ግን ከሕግ ጋር የተያያዘውን ያልተወራለትን ጎን ነው። የግድያ ሙከራ ምስክር ማን ነው? ጎረቤት ነው። ጩኸት ሰምቶ የወጣው፣ ገላጋይ የሆነው፣ ጩቤውን ከእጁ የቀማው፣ ጠቡ ከሦስት ወር በፊት በግድግዳ ምክንያት መጀመሩን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የፖሊስ መጥሪያ የሚሄደው በቤት ቁጥር ነው። የቤት ቁጥሩ ከፈረሰ፣ ጎረቤቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሄደ፣ ለአንድ ቀጠሮ የቀን ሥራውን ትቶ ሁለት ታክሲ መያዝ ካለበት ምስክሩ ሳይክድም ይጠፋል። የጠፋው ምስክር የተጎጂው ምስክር ከሆነ ጥፋተኛ ይለቀቃል፤ የተከሳሹ ምስክር ከሆነ ራሱን የተከላከለ ሰው በግድያ ሙከራ ይታሠራል።

በይግባኝ ደረጃ ደግሞ ምስክር እንደ አዲስ አይሰማም፤ ሕጉ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ የሚፈቅደው ፍርድ ቤቱ አስፈላጊነቱን ሲያምንበትና ምክንያቱን ሲመዘግብ ነው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ሳይመዘገብ የቀረ ቃል በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገኛል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ተስፋ ነው። ሰበርማ ከዚህም የጠበበ ነው፤ የሚመለከተው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ ማን ማንን መታ የሚለውን አይደለም።

በዚህ ላይ ቀኑ አይጠብቅም። የ1954ቱ ሕግ ይግባኝ ባይ ፍርድ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ቅሬታውን እንዲያቀርብ ደንግጓል። ያለ ጥፋቱ ቀኑ ያለፈበት ሰው እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ማስረዳት የእርሱ ዕዳ ነው። በማረሚያ ቤት ያለ ሰው ጉዳዩን የሚከታተልለት ዘመድ ሩቅ ሲሆን 15 ቀን እንደ ጥላ ያልፋል። ዘመድ ብዙውን ጊዜ ቀኑን የሚያባክነው አማላጅ በመፈለግ፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚል ደላላ ገንዘብ በማዋጣት ነው። ያ ገንዘብ ለግልባጭ ማስገልበጫና ለጠበቃ ምክር ቢውል የተሻለ ነበር።

ዕድሮች እዚህ ላይ የሚሠሩት ሥራ አለ። ከካዛንቺስ የተበተኑ ዕድሮች አባሎቻቸውን የሚያውቁት በስም ብቻ አይደለም፤ የስልክ ቁጥርና የአዲስ መኖሪያ መዝገብ ይይዛሉ፣ ቀብርና ልቅሶ በዚያ መዝገብ ይጠራል። አንድ አባል በአንድ ጠብ ላይ ምስክር ከሆነ ይኸው መዝገብ ለተከሳሽም ለተጎጂም መጥሪያውን ሊያደርስ ይችላል። ለአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ዕድሩ የጎራ መሣሪያ ይሆናል፤ ምስክርን አስማምቶ «እንዲህ በል» ማለት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ተጎጂውን በተመለከተ፣ በወንጀል ይግባኝ ተከራካሪው እሱ ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ተከሳሹ ነፃ ሲለቀቅ ወይም ቅጣቱ አነሰ ሲባል የተጎጂው ቤተሰብ በሰፈር ከመማረር ይልቅ ወዲያው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ሄዶ ይግባኝ ይጠየቅ እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ያው 15 ቀን ለዐቃቤ ሕጉም ይቆጠራል፤ መቁጠር የሚጀምረውም ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ነው።